«ሙቀቱ ነው» ብለን ከመተዋችን በፊት፦ እየተመላለሰ የሚያሳክክ ሽፍታ መንስኤው እንዴት ይታወቃል?

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ከቀረበ ትምህርት የተዘጋጀ)

ይህ በሬዲዮ ያቀረብነው ትምህርት በጽሑፍም እንዲደርሳችሁ የታተመ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉት። ማንበብ ለማይችሉ ወገኖቻችን ደግሞ እባካችሁ አንብቡላቸው።

የዛሬው ርዕሳችን የሰውነት ማሳከክ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው ለጓደኛው ቢናገር በአብዛኛው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ሙቀቱ ነው፣ ሲበርድ ይተውሃል» ይባላል። እውነት ነው፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በጅቡቲ ከተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስም አቧራውን ይዞ ይነፍሳል። ሙቀት የሚያመጣው ሽፍታም አለ። ነገር ግን የሚያሳክክ ሁሉ ሙቀት አይደለም። ሙቀቱ ካለፈም በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳርም እያሳከከ ያለ ሰው «ሙቀቱ ነው» የሚለው መልስ አልጠቀመውም ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

እንዲህ እንበል። አንዲት እናት ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ሄዳ ባልባላ ውስጥ ከሌሎች እህቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሁለት ልጆቿም አብረዋት ናቸው። ቀን ቀን የሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ማታ ፍራሽ ዘርግተው ተጠጋግተው ይተኛሉ። አንድ ቀን በጣቶቿ መካከል ማሳከክ ጀመራት። «ሳሙናው ነው» አለች። ሳሙና ቀየረች፣ አልተዋትም። ከሱቅ አንድ ቱቦ ቅባት ገዝታ ተቀባች። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቀነሰላት። «ተገላገልኩ» አለች። ቱቦው ሲያልቅ ግን ተመልሶ መጣ፣ ይባስ ብሎም ወደ ወገቧ ወረደ። ሁለተኛ ቱቦ ገዛች። ከዚያ ትንሹ ልጅ ሌሊት እየተነሣ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ አብራት የምትተኛው እህት አሳከካት። እናትየው ለበዓል ወደ ካምፕ ስትመለስ ደግሞ የአክስት ልጆች ከልጆቿ ጋር በአንድ ምንጣፍ ተኙ። ከአንድ ወር በኋላ እነሱም ያኩ ጀመር።

ይህች እናት ሰነፍ አይደለችም፣ ንጽሕናም አልጎደላትም። ገንዘቧንም አውጥታለች። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያሳክካት ምን እንደሆነ አላወቀችም። ቅባቱ ማሳከኩን ዝም አሰኘው እንጂ መንስኤውን አልነካውም። የዛሬው ትምህርታችን ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፤ መንስኤው ሳይታወቅ የሚቀባ ቅባት ማሳከክን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

ለምን ይመላለሳል?

ሽፍታ «ድኗል» ከተባለ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት ምክንያቶች በአንዱ ነው።

አንደኛ፣ የተወሰደው መድኃኒት ለዚያ በሽታ የሚሆን አልነበረም።
ሁለተኛ፣ በሽተኛው ታክሞ አብረውት የሚተኙት አልታከሙም። ስለዚህ ከእነሱ ተመልሶ ይይዘዋል።
ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ትክክለኛ ነበር፣ ነገር ግን ሲሻል ተቋረጠ።
አራተኛ፣ የማይስማማው ነገር፣ ሳሙናም ይሁን ሒና ወይም የእጅ ሰዓት፣ አሁንም ቆዳውን እየነካው ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ውድ ምርመራ ሳይሆን ልብ ብሎ ማየት ነው። ሐኪምም ቢሆን መጀመሪያ የሚያደርገው መጠየቅና ማየት ነው። ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት አራት ጥያቄዎችን ለራሳችሁ ጠይቁ። መልሱን በቃላችሁ ወይም በወረቀት ያዙት።

አራቱ ጥያቄዎች

1. መቼ ያሳክካል? ሌሊት ፍራሽ ላይ ስትጋደሙ ነው? እኩለ ቀን በሙቀት ላብ ሲያጠምቃችሁ ነው? ከሥራ ስትመለሱ ነው? ወይስ አንድ ምግብ ከበላችሁ ወይም አንድ ክኒን ከዋጣችሁ በኋላ?

2. የት ያሳክካል? በጣቶች መካከል? በብሽሽት? በአንገትና በጀርባ? በክርን ማጠፊያ? ልብስ በማይሸፍነው ቦታ ብቻ? ልብሳችሁን አውልቃችሁ በብርሃን እዩ። ልጅ ከሆነ መዳፉንና የእግሩን ውስጥም እዩ።

3. ሌላስ ማንን ያሳክካል? አብረዋችሁ የሚተኙትን፣ የምትታቀፏቸውን ልጆች፣ ባልና ሚስትን፣ በቅርብ የጎበኛችሁትን ቤት ጠይቁ። ሰው ስለሚያፍር አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትተዉ።

4. ምን ነካኝ? ምን ተቀባሁ? ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሳምንታት አዲስ የሆነ ነገር ምን ነበር? አዲስ ሳሙና፣ በረኪና (ጃቬል)፣ ሽቶ፣ የፀጉር ቀለም፣ ጥቁር ሒና፣ ጌጥ፣ ሽርጥ፣ መድኃኒት? ከጀመረ በኋላስ ምን ምን ተቀባችሁበት?

መልሱ ወዴት ያመለክታል?

እከክ

ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብ ዙሪያ፣ በመቀመጫ፣ በጡት አካባቢና በብልት ላይ ትንንሽ ሽፍታ ካለ፣ በቤት ውስጥም ሌላ ሰው የሚያክ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እከክ ነው። በጨቅላ ሕፃናት ላይ በራስ ቅል፣ በመዳፍና በውስጥ እግርም ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ በጣት መካከል እንደ ቀጭን ክር የተጠማዘዘ አጭር መስመር ይታያል። ይህ የእከክ ተባይ የቆፈረችው ጉድጓድ ነው።

የእከክ ተባይ ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በዓይን ለማየት እጅግ ታስቸግራለች። ሴቷ የላይኛውን ቆዳ ቆፍራ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። የሚያሳክከን የተባይዋ መንከስ ሳይሆን ሰውነታችን ለተባይዋና ለቆሻሻዋ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ለዚህም ነው አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዘው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ የሆነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ጤነኛ መስሎ ለሌሎች ያስተላልፋል። ከዚህ ቀደም የያዘው ሰው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳከክ ይጀምረዋል። በምሳሌያችን የአክስት ልጆች ከአንድ ወር በኋላ ማከክ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። «እኔ ከማን እንደያዘኝ አውቃለሁ» ብሎ በጎረቤት ላይ ጣት መቀሰር ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የሙቀት ሽፍታ

ላብ የሚወጣበት ቀዳዳ ሲደፈን የሚመጣ ነው። በአንገት፣ በጀርባ፣ በደረት፣ በጡት ሥርና ቆዳ ከቆዳ በሚነካካበት ቦታ እንደ መርፌ የሚወጋ ትንንሽ ሽፍታ ያወጣል። ሕፃናትን በብዛት ይይዛል። ልዩ ምልክቱ፣ ሰውነት ሲቀዘቅዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሻሉ ነው። ስስ የጥጥ ልብስ መልበስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ነፋስ ያለበት ጥላ መፈለግ ይበቃዋል። ወፍራም ቅባትና ቫዝሊን ቀዳዳውን ይበልጥ ስለሚደፍን አይቀባም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ጭርት

ክብ ሆኖ ዳሩ ከፍ ያለ፣ መካከሉ የጠራ፣ ቀስ በቀስ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። በሽታው የፈንገስ ነው። ላብ በሚበዛበት በብሽሽት፣ በብብትና በእግር ጣቶች መካከል ይወዳል። በልጆች ራስ ላይ ሲወጣ ፀጉሩን ይነቅላል። የፈንገስ ቅባት ለሳምንታት ይቀባል፤ ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ባለሙያው እስከነገራችሁ ቀን ድረስ መቀጠል ያስፈልጋል። ሲሻል ያቆመ ሰው ተመልሶ ያወጣል። የራስ ጭርት ግን በቅባት ብቻ ስለማይድን የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

ችፌ

ቆዳው ደረቅ፣ ሻካራና የሚላላጥ ሆኖ በክርንና በጉልበት ማጠፊያ፣ በሕፃናት ደግሞ በጉንጭ ላይ የሚወጣ ከሆነ ችፌ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በቤተሰቡ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ይገኛል። ችፌ አይተላለፍም፣ ግን ይመላለሳል። ጨው የበዛበት ውሃና ጠንካራ ሳሙና ያብሱታል። የጅቡቲ ከተማ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ መሆኑን የምትኖሩበት ታውቁታላችሁ። ገላን ታጥቦ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን መቀባት ዋናው መከላከያ ነው። ቫዝሊን ለሙቀት ሽፍታ ይጎዳል፣ ለችፌ ግን ይጠቅማል፤ መንስኤን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህም ተረዱ።

የማይስማማ ነገር

ሽፍታው አንድ ነገር በነካው ቦታ ብቻ ከሆነ ያንን ነገር ጠርጥሩ። በሰዓት ማሰሪያ ወይም በቀበቶ ብረት ሥር፣ በጆሮ ጌጥ ቦታ፣ ልብስ ለሚያጥቡ ሰዎች በእጅ ላይ ይወጣል። በጅቡቲ በሠርግና በበዓል ጊዜ እህቶች ስለሚቀቡት ሒና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተፈጥሯዊው ሒና ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ጥቁር የሚሆነው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ሲጨመርበት ነው። ይህ ቀለም የማይስማማቸው ሰዎች ከቀናት በኋላ በሥዕሉ መስመር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣሉ። አንድ ጊዜ ካስቆጣ በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ ይብሳል፤ የፀጉር ቀለምም ላይስማማ ይችላል። መድኃኒቱ እሱን መተው ነው። ልብስ የምታጥቡ እህቶች በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ጓንት ካለ አድርጉ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ቅባት ተቀቡ።

የተባይ ንክሻ

ልብስ በማይሸፍነው ቦታ፣ በክንድና በአንገት ላይ፣ አንዳንዴም በመስመር ተከታትሎ የወጣ ሽፍታ የትኋን ንክሻ ሊሆን ይችላል። ማታ በባትሪ የፍራሹን ስፌት፣ የአልጋውን መጋጠሚያና የግድግዳውን ስንጥቅ እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ትኋኑን ራሱን ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ የሚታከመው ሰውየው ሳይሆን ፍራሹና ቤቱ ነው።

ከቆዳ ውጭ የሆነ ምክንያት

አንዳንድ ጊዜ ሽፍታ ሳይኖር ሰውነት ሁሉ ያሳክካል። የጉበት፣ የኩላሊትና የሌላም በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል። ከምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጂማ፣ ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከመተከል ወይም ከመተማ አካባቢ የመጣችሁ ደግሞ ይህን ለሐኪም ንገሩ። በእነዚያ ቦታዎች በወንዝ ዳር የምትነክስ ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው ኦንኮ የሚባል በሽታ አለ። ለዓመታት ያሳክካል፣ ዓይንንም ይጎዳል። ትሏ በሰውነት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ልትቆይ ስለምትችል አገሩን ከለቀቁ በኋላም ማሳከኩ ይቀጥላል።

በተቃራኒው ደግሞ የማያሳክክ፣ ሲነኩት ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ካያችሁ አትናቁት። የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል በጊዜ መታየት አለበት። በጊዜ ከታከመ ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ከሱቅ ስለሚገዛው ቅባት

አሁን ወደ ምሳሌያችን እናት እንመለስ። የገዛችው ቱቦ ምን ነበር? በየሱቁና በየገበያው ከሚሸጡት ቅባቶች ብዙዎቹ፣ «ፊት ያጠራል፣ ቀይ ያደርጋል» ተብለው የሚሸጡትም ጭምር፣ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አለባቸው። ክሎቤታዞልና ቤታሜታዞን ከእነዚህ መካከል ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ፣ ለትክክለኛው በሽታ፣ ለተወሰነ ቀን ሲቀቡ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ምክር ሲቀቡ ግን አታላይ ናቸው። ቅላቱንና ማሳከኩን በሁለት በሦስት ቀን ያጠፋሉ፣ የሰውነትን መከላከያም ያዳክማሉ። እከክ ላይ ከተቀቡ ተባይዋ ያለ ጠላት ትራባለች። ጭርት ላይ ከተቀቡ ክቡ መልኩ ይጠፋና ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ሐኪሙም እንኳ አይቶ ለመለየት ይቸገራል። ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ ቆዳው ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ፊት ላይ ብጉርና የማይጠፋ ቅላት ያመጣሉ።

ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ የተቀባችሁትን ቱቦ ሁሉ፣ ባዶውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ማፈር አያስፈልግም። ሐኪሙን በጣም የሚረዳው እሱ ነው። በጅቡቲ ከተማ ፋርማሲ ከሆነ ደግሞ በፈረንሳይኛ እከክ «ጋል»፣ ችፌ «ኤግዜማ» እንደሚባል እወቁ። ባለሙያው የነገራችሁን የበሽታ ስም በወረቀት አስጽፉ።

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የዝንብና የትኋን መርዝ ወይም በረኪና በሰውነት ላይ መቀባት ፈጽሞ አይገባም። ቆዳን ያቃጥላል፣ በቆዳ በኩል ገብቶም ልጅን ሊገድል ይችላል።

እከክ የቆሻሻ በሽታ ነውን?

አይደለም። ብዙ ሰው እከክን የሚደብቀው «ቆሻሻ ነው ይሉኛል» ብሎ ነው። እከክ የሚተላለፈው ቆዳ ለቆዳ ሲነካካ፣ አብሮ በመተኛት፣ ልጅ በማቀፍ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚታጠብም ይይዘዋል። በውሃና በሳሙና ብቻ ማንም አይድንም፣ ምክንያቱም ተባይዋ ከቆዳው በላይ ሳይሆን ውስጥ ናት።

የእከክን መንስኤ ለማወቅ ሰዎች ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ሐኪሞች «ደም ተበላሽቶ ነው» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1687 ግን ሁለት ጣሊያናውያን፣ ቦኖሞና ቼስቶኒ፣ ሊቮርኖ በምትባል የወደብ ከተማ አንድ ነገር አስተዋሉ። ድሆች እናቶች ከልጆቻቸው እጅ፣ ባሮችም እርስ በርሳቸው፣ በመርፌ ጫፍ ከሽፍታው ውስጥ ትንሽ ነገር ያወጡ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያችን ነገር በማይክሮስኮፕ አይተው ተባይዋን ሣሏት። እንግዲህ መንስኤውን መጀመሪያ በመርፌ ያወጡት ልብ ብለው ያዩ እናቶችና ባሮች ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ ግን በመርፌ እንዳታወጡ፣ ቁስል ይፈጥራል። ልብ ብሎ ማየቱን ነው ከእነሱ የምንማረው።

በአገራችንም ይህ በሽታ ብዙ ሰው አሠቃይቷል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት ድርቅ በደረሰ ጊዜ እከክ በአማራ ክልልና በሌሎችም ክልሎች ተስፋፍቶ ነበር። በአማራ ክልል በድርቁ በተጎዱ 68 ወረዳዎች ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ሰው ተመርምሮ ወደ 379 ሺህ የሚሆነው እከክ ተገኝቶበታል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ንጽሕና የማይወዱ ነበሩ ማለት አይቻልም። ውሃ ጠፋ፣ ሰው ተቸገረ፣ ተጠጋግቶ ኖረ፤ በሽታውም ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሁሉም በአንድ ቀን

እከክ መሆኑን የጤና ባለሙያ ካረጋገጠ መድኃኒት አለው። ቤንዚል ቤንዞዌትና ፐርሜትሪን የሚቀቡ ናቸው። የሰልፈር ቅባት ለጨቅላ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮችም ይሰጣል። አይቨርሜክቲን የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ለነፍሰ ጡር እና ክብደቱ ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። የትኛው ለማን እንደሚሆንና መጠኑን ባለሙያው ይነግራችኋል። የአዋቂ ቤንዚል ቤንዞዌት ሳይቀጥን ለልጅ አይቀባም፣ ያቃጥለዋል።

ነገር ግን መድኃኒቱ የሚሠራው እንዲህ ሲደረግ ነው።

– በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይታከም። ዛሬ እናት፣ በሳምንቱ ልጅ ከሆነ ሁለቱም አይድኑም።
– ማታ ገላን ታጥቦ፣ ቆዳው ደርቆና ቀዝቅዞ፣ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ይቀባ። የሚያሳክከው ቦታ ብቻ አይደለም። በጣቶች መካከል፣ በጥፍር ሥር፣ በእምብርት፣ በብልትና በመቀመጫ አይረሳ። ለሕፃናት ራስና ፊትም፣ ከዓይንና ከአፍ በስተቀር፣ ይቀባል።
– ጥፍር ይቆረጥ። ሌሊት እጅ ከታጠባችሁ እጃችሁን እንደገና ቀቡ።
– መድኃኒቱ የታዘዘውን ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ታጠቡ።
– ባለሙያው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ድገሙ ካላችሁ ሳትቀሩ ድገሙ። የመጀመሪያው ያልገደለው እንቁላል በዚያን ጊዜ ተፈልፍሏል።

ሁሉም በአንድ ጊዜ መታከሙ ምን ያህል እንደሚጠቅም በፊጂ ደሴቶች ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በአንድ አካባቢ ያለ ሕዝብ ሁሉ አይቨርሜክቲን ሲወስድ፣ እከክ ከ100 ሰው በ32ቱ ላይ የነበረው ከዓመት በኋላ ወደ 2 ሰው ወረደ። የታመሙትና የቅርብ ሰዎቻቸው ብቻ በታከሙበት አካባቢ ግን ከ100 ሰው ወደ 19 የሚሆኑት ዓመት አልፎም እከክ ነበረባቸው። እኛ የአገር ዘመቻ ማድረግ ባንችልም አንድ ክፍል፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ማታ ማከም እንችላለን። ከጎረቤት ጋር መመካከርም እንችላለን።

ከአድማጮች የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ብርድ ልብሱንና ፍራሹን ላቃጥል?
መልስ፦ አታቃጥሉ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ በበጎ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት እከክ በብርድ ልብስ በኩል የሚተላለፈው ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ታውቋል። አንድ በሽተኛ ላይ ያሉት ተባዮችም በአማካይ ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው። ከሰው ሰውነት ከወጡ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይኖሩም። ባለፉት ሦስት ቀናት የተለበሰውን ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ።

ጥያቄ፦ ውሃ የለንም፣ ምን እናድርግ?
መልስ፦ ልብሱን ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ውስጥ ከትታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩና ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢቻል እስከ ሳምንት ሳትነኩ አቆዩት። ተባይዋ ከ50 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በ10 ደቂቃ ውስጥ ትሞታለች። ስለዚህ የታሰረውን ፌስታል ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። የምናማርረው የጅቡቲ ፀሐይ እዚህ ላይ ይረዳናል። ቀኑን ግን አትቀንሱ።

ጥያቄ፦ ታክሜ አሁንም ያሳክከኛል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?
መልስ፦ ግድ አይደለም። ተባይዋ ብትሞትም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አትደጋግሙ፣ እሱም ራሱ ቆዳን ያስቆጣል። ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም አዲስ ሽፍታ ከወጣ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ትምህርት ቤት ይቅር?
መልስ፦ ሕክምናው በተጀመረ ማግስት መሄድ ይችላል። ልጁን ከልጆች ለይቶ ማሳፈር አይገባም።

ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄዱት መቼ ነው?

– የታከከው ቦታ መግል ከቋጠረ፣ ካበጠ፣ ትኩሳት ካመጣ።
– ከቆዳ ቁስል በኋላ የልጁ ፊት ወይም እግር ካበጠ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይም ካነሰ። የቆዳ ቁስል ውስጥ የሚገባ ጀርም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እከክ «ማሳከክ ብቻ ነው» ተብሎ የማይናቀው በዚህ ነው።
– ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ከከበደ። ይህ የደቂቃ ጉዳይ ነው።
– መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ሽፍታው ውሃ ከቋጠረ፣ ቆዳው ከተላጠ፣ አፍና ዓይን ከቆሰለ። መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ሂዱ።
– ሕፃኑ ከ2 ወር በታች ከሆነ።

በመጨረሻ

ውድ አድማጮች፣ የምሳሌያችን እናት አራቱን ጥያቄዎች ብትጠይቅ ኖሮ ምን ታገኝ ነበር? መቼ? ሌሊት። የት? በጣቶች መካከልና በወገብ። ሌላ ማን? ልጇና አብራት የምትተኛው እህት። ምን ተቀባሁ? ለጊዜው ዝም የሚያሰኝ ቅባት። እነዚህን አራት መልሶች ይዛ ክሊኒክ ብትገባ ሐኪሙ እከክን ወዲያው ይጠረጥር ነበር። ለሁለት ቱቦ ያወጣችው ፍራንክ ለልጆቿ ምግብ ይሆን ነበር። ልጁም ሌሊቱን ተኝቶ ያድር ነበር።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስታስተኙ እጃቸውን በብርሃን እዩ። ጠዋት ደግሞ አብረዋችሁ የሚኖሩትን «አንተንስ ያሳክክሃል? አንቺንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሙቀቱ ነው» ከማለት በፊት እንጠይቅ።

በሚቀጥለው ፕሮግራማችን እስክንገናኝ ጤና ይብዛላችሁ።